ከፋብሪካ ተጭሮ የወጣ ጊታር ልግዛ ወይስ ልተወው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በባንድ ሊድ ጊታር የሚጫወት አንድ ወንድማችን፣ ከሜሪላንድ የሚመጣ ዘመዱ ጊታር ይዞለት ሊመጣ ነው። ሁለት ጊታር መርጧል። አንዱ አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ስትራቶካስተር ነው። ሌላውም ስትራቶካስተር ነው፤ ግን ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ቀለሙ የተፋቀ፣ ብረቱ የደበዘዘ፣ አርባ ዓመት መድረክ ላይ የኖረ የሚመስል ነው። ዋጋው ደግሞ ከአዲሱ ይበልጣል። የባንዱ ልጆች «ሰልባጅ በአዲስ ዋጋ» እያሉ ይስቁበታል። «ድምፁ ይለያል ወይ? ካልተለየ አዲሱን ገዝቼ በብርጭቆ ወረቀት ራሴ ላስረጀው?» ይላል።

ወንድሜ፣ ዋናውን ቀድሜ ልንገርህ። በድምፅ ልዩነት የለውም። በእጅ ግን ሊኖረው ይችላል፤ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ካለም እሱ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን በተመለከተ ከአንገቱ ጀርባ እንዳታልፍ። ሥራዬ ጊታር መጠገን ስለሆነ ሁለቱንም ዓይነት በየጊዜው እከፍታለሁ፤ ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳህ።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስትራቶካስተርን የሚሠራው ፌንደር በጥር 1965 ሲቢኤስ ለሚባለው የአሜሪካ የብሮድካስት ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከዚያ በኋላ የሥራው ጥራት ወረደ የሚል ስም ወጣ፤ ገሚሱ እውነት ነው፣ ገሚሱ ወሬ ነው። ያም ሆነ ይህ ከ1965 በፊት የተሠራ ጊታር የሚፈልገው ሰው በዛ፣ ዋጋውም ሰማይ ነካ። ፌንደር በ1987 ካስተም ሾፕ የሚባለውን የልዩ ትእዛዝ ክፍል ሲከፍት ደንበኛው ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ የ50ዎቹን ጊታር ነበር። እዚያ ቤት የሚተረክ አንድ ወሬ አለ። የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ የተሠሩለትን ጊታሮች አይቶ «በጣም አዲስ ናቸው፣ ትንሽ ደብድቡልኝ» አለ ይባላል። በ1995 ፌንደር ሆን ብሎ ያስረጃቸውንና ሬሊክ ብሎ የሰየማቸውን ጊታሮች ናም በሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ ትርኢት ላይ ይዞ ቀረበ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሥራ የሚሠራው ቪንስ ኩኔቶ የሚባል ሰው ነበር። ገላውና አንገቱ ከካሊፎርኒያ ሚዙሪ ድረስ ይላክለታል፣ ቀለም ቀብቶ አስረጅቶ ይመልሳል፣ ፌንደር ይገጣጥመዋል። ያ እስከ 1999 ቆየ። ዛሬ የዚያን ጊዜዎቹ ሬሊኮች ራሳቸው ሰብሳቢ ያላቸው ዕቃዎች ሆነዋል። የአሮጌው አስመስሎ እንደ አሮጌ ተፈላጊ ሆነ ማለት ነው፤ እኔ ይሄ ነገር ሁሌም ያስቀኛል።

ነውር ነው ለሚሉ ጓደኞችህ ግን አንድ ነገር ንገራቸው። ጊታር ሠሪዎች የፈጠሩት ነገር አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ዣን ባቲስት ቪዮም የሚባል ስመ ጥር የቫዮሊን ሠሪ ስትራዲቫሪየስ የሚባሉትን ዝነኛ የድሮ ጣሊያን ቫዮሊኖች እርጅናቸውን ጨምሮ እያስመሰለ አዳዲስ ቫዮሊኖችን ይሠራ ነበር። ዛሬም ብዙ የቫዮሊን ሠሪዎች ይህንን ይሠራሉ፤ ኦርኬስትራ ውስጥ ማንም አይስቅባቸውም። ጊታር ላይ ሲሆን ነው ሰዉ የተቀደደ ጂንስ እያለ የሚያፌዘው። እሺ፣ ጂንስ ነው እንበል። ግን ጂንስ ሲሳሳ ከመቀደዱ በፊት ይለሰልሳል፣ ገላህ ላይ ይመቻል። የገዛኸው ልስላሴውን ነው ወይስ ቀዳዳውን? ጥያቄው ይኸው ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንግባ፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ያለው እዚያ ነው። የ50ዎቹና የ60ዎቹ መጀመሪያ ጊታሮች የሚቀቡት ናይትሮሴሉሎስ በሚባል ላከር ነበር። ስስ ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ማርጀቱን አያቆምም። ፀሐይ ሲያገኘው ይቢጫል፤ ለዚህ ነው ነጭ የነበረ ስትራት (ስትራቶካስተር) ቅቤ የመሰለው፣ ሰማያዊው ደግሞ ወደ አረንጓዴ የሄደው። ፒክጋርዱን (ፊቱን የሚሸፍነውን ፕላስቲክ) ፈትተህ ከሥሩ ብታይ ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ የመጀመሪያው ቀለም እንዳለ ቁጭ ብሏል። ከዓመታት ብዛት ይደርቅና ይሰባበራል። እንጨቱ በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲሰፋና ሲጠብ ላከሩ መከተል ያቅተዋል፣ ፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆች ይሠራል። ላብና ክንድ ደጋግመው ሲነኩት እየሳሳ ሄዶ እንጨቱ ይታያል።

ከ60ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፌንደር ወደ ፖሊስተር ዞረ። ይሄ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ እውነት ለመናገር ለዕቃ ጥበቃ የተሻለ ነው። ግን አያረጅም። አይሳሳም። ሲመታ ቁራጩ ተፈንቅሎ ይወድቃል፣ ጠርዙ ስለታም ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት መካከለኛ ዋጋ ጊታሮች አብዛኞቹ ፖሊስተር ወይም ፖሊዩሬቴን የተቀቡ ናቸው። ያንተም አዲሱ ምርጫህ እንደዚያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እሱን በብርጭቆ ወረቀት ብትፈትገው የሚወጣልህ አሮጌ ጊታር አይደለም፤ የተፈተገ አዲስ ጊታር ነው። ከሩቅ ይታወቃል። መልሶ ሲሸጥም የሚነካው አታገኝም።

እውነተኛ እርጅና እንዴት እንደሚመስል ማየት ከፈለግህ የሮሪ ጋላገርን ስትራቶካስተር ፎቶ ፈልግ። የአየርላንድ ብሉዝ ጊታሪስት ነበር፣ በ1995 አረፈ። የ1961 ስትራት ነው፣ በ1963 ኮርክ ከተማ ውስጥ በ100 ፓውንድ የገዛው። ጊታሩ አንዴ ተሰርቆ ዝናብ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ላቡ በላው፤ ሰውየው ሲጫወት እንደ ጉድ ነበር የሚያልበው። ቀለም የቀረው እዚህም እዚያም ብቻ ነው። ግን ልብ ብለህ እየው፣ ቀለሙ የጠፋበት ቦታ ሁሉ በምክንያት ነው የጠፋው። ቀኝ ክንድ የሚያርፍበት ጠርዝ አልቋል። ከኋላ የቀበቶ ዘለበት የሚፍቀው ቦታ ተጭሯል። መዳፍ የሚያርፍበት ብሪጅ (ክሩ የሚታሰርበት ብረት) ዝጓል። እርጅና አድልዎ አለበት።

የውሸቱ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ርካሽ ሬሊክ ሁሉን እኩል ይፍቃል። ገላው እንደዚያ ተላልጦ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች) ምንም አልተበሉም፤ ይሄን ያህል የተጫወተ ሰው ፍሬት ሳይቀይር ኖረ? ወይ ደግሞ ብረቱ ሁሉ ዝጎ ብሎኖቹ ይብለጨለጫሉ። ካቻቢቴ ነክቷቸው የማያውቁ ብሎኖች ያሉት የ«ስልሳ ዓመት» ጊታር አይቻለሁ። ከታች ያለው ክፍል ከላይኛው በላይ ሲጫር፣ ማንም እጁን በማያደርስበት ቦታ እንጨት ሲታይ፣ ሥራው በችኮላ እንደተሠራ እወቅ።

ጥሩ ባለሙያ ግን ይለያል። ስንጥቁን ለማውጣት ጊታሩን ያቀዘቅዙትና መልሰው ያሞቁታል። ሌላው የጊታር ኩባንያ የጊብሰኑ ቶም መርፊ ደግሞ መስመሮቹን አንድ በአንድ በምላጭ መሳብ የሚታወቅበት ሰው ነው፤ በ2021 ጊብሰን በስሙ መርፊ ላብ ብሎ ጊታር የሚያስረጅ ክፍል ከፍቶለታል። ብረቱን በአሲድ ጭስ ያደበዝዙታል። ፕላስቲኩን ቀለም ነክረው ያቢጩታል። እዚህ ላይ አደራ፣ አሲዱን ቤት ውስጥ እንዳትሞክረው። ጭሱ የጊታሩን ብረት ብቻ አይደለም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለውን መሣሪያ ሁሉ ያዝጋል፣ ሳንባህንም አይምርም።

አንዳንዴ ነገሩ ከልክ ያልፋል። የኤዲ ቫን ሄለን ፍራንከንስታይን የሚባለው ጊታር አለ፤ ራሱ የገጣጠመው፣ ቀይ ነጭ ጥቁር መስመሮች ያሉት። ፌንደር በ2007 የእሱን ቅጂ 300 ፍሬ ብቻ ሠርቶ አንዱን በ25,000 ዶላር ሸጠው። የሲጋራ ቃጠሎው ሳይቀር ተቀድቷል። ሰውየው ያንን ጊታር የሠራው ሱቅ ያለውን መግዛት ስላልፈለገ፣ በርካሽ ዕቃ የራሱን ለመፍጠር ነበር። ጥበቡን አደንቃለሁ፣ ገዢውን ግን አልገባኝም።

ወደ ድምፁ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሻጮች በዚህ ነው የሚያታልሉት። «ቀለሙ ስለሳሳ እንጨቱ ይተነፍሳል» ይሉሃል። አኩስቲክ ጊታር ቢሆን የፊቱ ጣውላ ስስ ስለሆነና ድምፁን ራሱ ስለሚያወጣ የቀለም ውፍረት ትንሽ ትርጉም ይኖረዋል። እንደ ስትራቶካስተር ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ድፍን እንጨት ነው። ፒክአፑ (ከክሩ ሥር ያለው ባለማግኔት ድምፅ ለቃሚ) የሚያነሳው ማግኔቱ ላይ የሚርገበገበውን ብረት ክር ነው። ፒክአፑን በካቻቢቴ አንድ ዙር ብታነሳው ወይም ብታወርደው፣ ቀለሙን በሙሉ ልጠህ ከምታገኘው ለውጥ የበለጠ ትሰማለህ። ክር ብትቀይርም እንደዚያው። ስፒከር ብትቀይርማ ሌላ ጊታር የያዝክ ይመስልሃል።

«አሮጌ ነገር ይሻላል» የሚለው እምነት ራሱ ምን ያህል በዓይን የሚሠራ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ሙከራ አለ። ጊታር ላይ አይደለም፣ ቫዮሊን ላይ ነው። በ2010 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ 21 የቫዮሊን ተጫዋቾች የብየዳ መነጽር አድርገው፣ እንዳያዩ ተደርገው ማለት ነው፣ ሦስት አዲስ ቫዮሊንና ሦስት የድሮ ጣሊያን ቫዮሊን ተጫወቱ፤ ከድሮዎቹ ሁለቱ ስትራዲቫሪየስ ነበሩ። በአሮጌ እንጨት ሽታ እንዳይለዩዋቸው አገጭ ማሳረፊያው ላይ ሽቶ ተደርጎ ነበር። አብዛኞቹ የቱ አሮጌ እንደሆነ መለየት አቃታቸው፣ ከሁሉም በላይ የተወደደውም ከአዲሶቹ አንዱ ነበር። ውጤቱ በ2012 ሲታተም ብዙ ሰው ተናደደ። እኔ ደስ አለኝ።

እንጨትን በእውነት የሚለውጥ አንድ የማስረጀት ዘዴ ግን አለ። ጭረት የለውም፣ ስለዚህ ማንም አይከራከርበትም። አንገቱ የሚሠራበትን ሜፕል የሚባል እንጨት ኦክሲጅን በሌለበት ምድጃ ውስጥ ያበስሉታል። እርጥበቱ ይወጣል፣ ቀለሙ ይጠቁራል፣ እንጨቱ ከአየር ጋር የሚሰፋና የሚጠበው ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ «ሮስትድ ሜፕል» ሲሉህ ይሄንን ማለታቸው ነው። ላንተ ይሄ ከጭረቱ ሁሉ በላይ ይጠቅምሃል። ከሜሪላንድ ወበቅ ወደ አዲስ አበባ ደረቅ በጋ የሚመጣ ጊታር አንገቱ ይንቀሳቀሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። በመስከረም የተስተካከለ ጊታር በጥር ክሩ ሲንጫጫ ሰውየው ጊታሩ የተበላሸ ይመስለዋል። የተበላሸ ነገር የለም፣ እንጨቱ ስለደረቀ ነው። ፍሬቱ ከጠርዝ ወጥቶ መዳፍህን የሚቧጭርህም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ሬሊኩ ምን አለው? አንገቱ አለው። ጥሩ ሬሊክ ላይ የአንገቱ ጀርባ ላከር ተነስቶ እንጨቱ ለስልሶ ይመጣል፣ እጅ ሲያልብ አይዝም። ጣት ክሩን የሚጫንበት የፊንገርቦርዱ ጠርዝ ስለታምነቱ ጠፍቶ ይከብባል። መጀመሪያ ስትይዘው የራስህ ጊታር የሚመስልህ በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ነገር የሥነ ልቦና ነው፣ አልንቀውም። የተጫረ ጊታር ይዞ ሰው ይዝናናል። መድረክ ላይ ማይክ ማቆሚያ ቢነካው ልቡ አይወድቅም። ብዙ ባለሙያ ሙዚቀኞች የሚገዙት ለዚህ ነው፤ የሚያብረቀርቀውን ቤት አስቀምጠው ይሄን ይዘው ይወጣሉ።

አሁን ደግሞ ንግድ እንነጋገር። ሬሊክ መሥራት ማጭበርበር አይደለም፤ ሠሪው «ትናንት የተሠራ ነው፣ አስረጅቼዋለሁ» ብሎ ነው የሚሸጥልህ። ማጭበርበር የሚሆነው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሻጭ ያንን ቃል ሲውጠው ነው። ካስተም ሾፕ ጊታሩን ከመለያ ቁጥርና ከምስክር ወረቀት ጋር ነው የሚያወጣው፤ ወረቀት ደግሞ ይጠፋል፣ ማኅተምም ይፋቃል። አንድ ቀን እዚያው አዲስ አበባ «ይሄ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የተጫወተበት የ66 ፌንደር ነው» የሚል ሻጭ ቢገጥምህ፣ ታሪኩን ቡና እየጠጣህ አዳምጥ፣ ከዚያ ፒክጋርዱን አስፈታ። ከሥሩ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ላይ ቁጥር አለ። 1376612 የሚል ካገኘህ፣ 137 ሲቲኤስ የሚባለው ፋብሪካ መለያ ነው፣ 66 ዓመቱ ነው፣ 12 ደግሞ የዓመቱ ሳምንት ነው። በ304 የሚጀምር ካገኘህ ስታክፖል የሚባል ሌላ ፋብሪካ ነው። ጊታሩ ከዚያ ቁጥር በፊት ሊሠራ አይችልም፤ ካልተቀየረ በስተቀር። ተቀይሮ እንደሆነ ስታኞውን እየው። አሮጌ ስታኞ ደብዛዛ ነው፣ አዲስ የተበየደ ደግሞ ይብረቀረቃል፣ ዙሪያውም አዲስ ፍላክስ (ሲበየድ የሚቀር ሙጫ መሰል ነገር) ይቀራል። የሐሰት ብር የሚፈተሽበት ሐምራዊ መብራት ካገኘህ ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ አብራበት፤ ያረጀ ላከር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያበራል፣ አዲሱ እንደዚያ አያደርግም። አንዱ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሦስት አራቱ ሲስማሙ ነው ገንዘብ የሚወጣው።

ስለዚህ ያንተ ጉዳይ። የምትለው ሬሊክ ከካስተም ሾፕ ቢሆን ከ4 እና 5 ሺህ ዶላር ወደ ላይ ስለሚሆን ጥያቄው ባልመጣ ነበር። ከገለጻህ የገባኝ ሜክሲኮ የሚሠሩት ዓይነት ነው፤ ፌንደር ከ2009 ጀምሮ ሮድ ዎርን እያለ ሲያወጣቸው የኖሩት። እነሱ ላይ ጭረቱ ከአንዱ ጊታር ወደ ሌላው ተመሳሳይ ነው፣ ጎን ለጎን ብትሰቅላቸው መንታ ይመስላሉ፣ ያ ትንሽ ያስቃል። አንገታቸው ግን ደህና ነው፣ ላከራቸውም ናይትሮ ነው። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነና ለስላሳ አንገት የምትወድ ከሆነ ግዛው፣ ጓደኞችህ ይሳቁ፤ ከሁለት ልምምድ በኋላ ተቀብለው ይጫወቱበታል። ልዩነቱ ጥሩ አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ወይም ሁለተኛ የፒክአፕ ስብስብ የሚገዛ ከሆነ ግን አዲሱን ውሰድ።

አዲሱን ከወሰድክ አንገቱን እንዲህ አድርገው። በጣም ደቃቅ የሆነ የብርጭቆ ወረቀት፣ ወይም ደቃቅ የብረት ሱፍ ያዝ። ከጀርባው ብቻ፣ በእንጨቱ ርዝመት፣ በቀስታ። ዓላማህ ቀለሙን ማንሳት አይደለም፣ የላይኛውን ብርቅርቅታ መግደል ነው። የብረት ሱፍ ከተጠቀምክ ፒክአፖቹን በፕላስተር ሸፍናቸው፤ ብናኙ ማግኔቱ ላይ ከተለጠፈ አይወጣም። ገላውን ተወው። ብትጫወትበት ራሱ ይጫራል።

ዘመድህ ሱቅ ሲገባ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ከላይ እስከ ታች ይዳብሰው፣ ፍሬት የወጣበት ካለ ይመልሰው። ለጉዞ ሳጥን ካስቸገረው የፌንደር አንገት በአራት ብሎን ነው የተያዘው፣ ተፈትቶ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ክሩን መጀመሪያ ማላላት አለበት። የናይትሮውን ከመረጥክ ደግሞ ቦሌ እንደተቀበልክ ወዲያው እንዳትከፍተው። የአውሮፕላን ዕቃ ክፍል ይቀዘቅዛል። ቤት አስገብተህ ሳጥኑን ሳትከፍት ለጥቂት ሰዓት አስቀምጠውና የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፣ አለዚያ ላከሩ ፊትህ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ማግስቱን ክሩን ቃኝተህ፣ አንገቱ ለሁለት ሦስት ሳምንት አገሩን ይላመድ፣ ከዚያ ነው ወደ ጠጋኝ ወስደህ የምታስተካክለው።